የቡርቃ ምንጭ አሥራ አራት ሺህ ጎብኚዎች

ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር ግራዝማች ፈቀደ ገብረማርያም
የሕዝብ እንደራሴና የአገር ውበትና የጎብኚዎች ጉዳይ በጀት ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንድ ቁጥር እንዲሠረዝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ ክቡርነትዎ እንደሚቆጣጠሩት በጀት ከዓመት ወደ ዓመት ሳያቋርጥ እየጨመረ እንዲሄድ፣ ጉልበትዎ የምክር ቤቱን ደረጃ ሲወጡ እንዳይከዳዎ፣ ዓይንዎም በመኪና መስኮት አገር ማየት እንዳይታክተው ከልብ እመኛለሁ። እኛ በኮልፌ በኩል ያለነው ደህና ነን፤ ደህና አይደለንም ብንል የሚሰማን ስለሌለ ደህና መሆኑን መርጠናል።

ስሜ ጌታሁን በዛብህ ይባላል። ከአየር ጤና ፌርማታ ፊት ለፊት፣ ከብስክሌት ጠጋኙ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት መሬቱን ለተነጠቀ፣ ባሏ ለከዳት፣ ልጁ ለታሰረበት፣ ጡረታው ለቀረበት ሁሉ «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» እያልኩ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ በራሴ ስም ግን አንድም ቀን አመልክቼ አላውቅም። ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የአክብሮት ግድፈት ካገኙ ግን አስቤበት የጻፍኩት ነው።

ጉዳዩን እንደ አዲስ ቢሰሙት ስለማይገርመኝ ከሥሩ እጀምራለሁ። ከጅማ መንገድ ወደ ረጲ ሲታጠፉ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ ወዲህ ማዶ፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ ገደል አለ። ከገደሉ ሥር ክረምት ከበጋ የማትነጥፍ አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች። የሠፈራችን አርባ ቤት የሚጠጣው፣ የሚያበስለውና የሚታጠበው ከእርሷ ቀድቶ ነው። ቧንቧ አልገባልንም። የቅርቡ ቦኖ ያለው ኮልፌ ገበያ አጠገብ ሲሆን፣ ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ተራ ለመጠበቅ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚህ ሌላ በአጠገባችን ያለው ውሃ ከቆሻሻው ተራራ ሥር ጥቁር ሆኖ የሚወርደው ወንዝ ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የአገር ውበትና የጎብኚዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ክቡርነትዎ በሚቆጣጠሩት በጀት፣ ምንጯን በሽቦ አጠረ፣ ዙሪያዋን አበባ ተከለ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አቆመ፣ አንድ ዘበኛ ቀጠረ፤ በሩ ላይም «የቡርቃ ምንጭ መናፈሻ፤ ከጎብኚ በቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ስለዚህ ሥራ ያለብን ምስጋና ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር ለይቼ ማቅረቡ ግድ ሆኖብኛል።

፩ኛ/ ስለ ስሙ። ቡርቃ ማለት በኦሮሞ ቋንቋ ምንጭ ማለት ነው። ስለዚህ ሰሌዳችሁ «የምንጭ ምንጭ» ይላል። ዘበኛው ደሜ እዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው በመሆኑ ይህንኑ ሰሌዳውን ላሰቀለው የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ በትሕትና ቢያስረዳው፣ የተቀጠርከው ለጥበቃ እንጂ ለትርጉም አይደለም የሚል መልስ አግኝቷል። እኛም ስቀን ተውነው። ዘንድሮ ግን ኮሚቴዎ መርምሮ ያጸደቀው ዓመታዊ ሪፖርት በጋዜጣ ሲወጣ ቡርቃ አንድ ሥፍራ፣ ምንጭ ደግሞ ሌላ ሥፍራ ሆነው፣ ለእያንዳንዳቸው አጥርና አበባና ዘበኛ ተመድቦላቸው አነበብን። ከዚያ በኋላ ሁለተኛዋን ምንጭ ሠፈሩ በሙሉ ወጥቶ ፈልጓታል። ብናገኛት ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ አንዷን ለጎብኚ ትተን በሌላዋ እንኖር ነበርና።

፪ኛ/ ስለ መዝገቡ። በዚህኛው ተራ የራሴም ኃጢአት ስላለበት ምስጋናና ኑዛዜ ተቀላቅሎ ቢያገኙት አይፍረዱብኝ። አጥሩ በቆመ ማግሥት ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ሲወርዱ ደሜ በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው። ደሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ የራሱም ልጆች የሚጠጡት ከዚያችው ምንጭ ነው። ነገር ግን ፊደል ባይቆጥርም ሰሌዳው ምን እንደሚል በቃሉ አስጠንተውታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ባዶ እንስራ ይዞ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ደሜ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። መዝገቡን የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በውስጡም የጎብኚው ስም፣ የመጣበት አገር፣ ያረፈበት ሆቴል፣ የመጣበት ምክንያት የሚሉ ዓምዶች ታትመውበታል። በየወሩ መጨረሻ ተሞልቶ ካልቀረበ ከሥራ እንደሚሰናበት ተነግሮታል። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን መናፈሻውን ከአንዲት የጠፋች ፍየል በቀር የጎበኘው አልነበረም።

ደሜ ጎብኚ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም በቃል የማድር ሰው ነኝና ዕውቀቴን ዘረገፍኩለት፤ አገር ሊያይ የመጣ ጎብኚ እንደሚባል፣ የታመመ ሊጠይቅ የመጣም ጎብኚ እንደሚባል፣ ሥራ ሊመረምር የመጣ ሹምም እንዲሁ ጎብኚ እንደሚባል አስረዳሁት። ደሜ ጥቂት አሰበና፣ እንስራ ይዛ ምንጯ ደህና ማደሯን ልታይ የመጣች ሴትስ ምን ትባላለች አለኝ። ከዚያ እኔ ብዕሬን አነሣሁ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሠፈራችን ሴት ሁሉ ጎብኚ ሆነች። ደሜ የገቡትን በቃሉ ይዞ ይውላል፤ እኔ ሥራ ስጨርስ በበሩ በኩል እያለፍኩ እሱ ሲጠራልኝ እጽፋለሁ። ያረፈችበት ሆቴል በሚለው ሥር «ቤቷ» እላለሁ፤ የመጣችበት ምክንያት በሚለው ሥር «ውሃ» እላለሁ። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መዝገብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ያለፈው ዓመት ሲያልቅ የዓመቱ ተደምሮ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ጎብኚ ሆነ፤ ይህንንም ቁጥር፣ በአምስተኛው ተራ ከማነሣት ጥቂት ጭማሪ ጋር፣ ክቡርነትዎ ለምክር ቤቱ ባሰሙት ንግግር ላይ ሦስት ጊዜ ደጋግመው እንዳነሡት በሬዲዮ ሰምተናል። «ውሃ» ያልኩት በሪፖርቱ ላይ «የውሃውን የተፈጥሮ ውበት ለማድነቅ» ተብሏል። «ቤቷ» ያልኩት «ጎብኚዎቹ በአብዛኛው በግል ማረፊያ የሚያርፉ ናቸው» ተብሏል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀን ግን «አንዳንዶቹም በሥፍራው ውበት ከመማረካቸው የተነሣ በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ» የሚለው ነው። ይህች በቀን ሁለት ጊዜ የምትማረክ ጎብኚ ወይዘሮ የኔነሽ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤቴ ስትሆን፣ ሁለተኛውን ዙር የምትመለሰው አንድ እንስራ ውሃ የሰው አንሶላ አጥቦ ስለማይጨርስ ነው። በሪፖርቱ መወደሷን በነገርኳት ጊዜ ወገቧን ይዛ ረጅም ጊዜ ሳቀች።

፫ኛ/ ስለ ውጭ አገሮች። መሥሪያ ቤቱ የመጣበት አገር የሚል ዓምድ ሲያሳትም ያሰበው ፈረንሳይንና ጀርመንን እንደነበረ ዘግይቶ ገብቶኛል። እኛ ዘንድ ግን አገርሽ የት ነው ተብላ የተጠየቀች ሴት እትብቷ የተቀበረበትን ትናገራለች። ኮልፌ ገበያ በርበሬ የምትነግደው ዙቤዳ ስልጢ አለች፤ ሌላዋ እምድብር፣ ሌላዋ ወሊሶ፣ ሌላዋ ቦንጋ፣ ሌላዋ ሶዶ፣ አንዲት አሮጊትም የዛሬ አርባ ዓመት የተወችውን ደሴን ጠራች። እኔ የተባልኩትን ጻፍኩ። ኮሚቴዎም ዝርዝሩን ተመልክቶ «ከአሥራ ሰባት አገሮች የመጡ ጎብኚዎች» በማለት ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ ምክር ቤቱም እንዳጨበጨበ በጋዜጣው ላይ በቅንፍ ተጽፏል። ዙቤዳ ይህ ሲነበብላት፣ እንግዲህ ስልጢ ውጭ አገር ከሆነች እናቴን ለማየት ፓስፖርት ሊያሻኝ ነው ብላለች።

የእርስዎን ትዕግሥት ማድነቅ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። በዝርዝሩ ዘጠነኛ ሆኖ የሠፈረው የውጭ አገር፣ ክቡርነትዎ ተመርጠው የመጡበት አውራጃ ነው። አሥራ አንድ የሕዝብ እንደራሴዎች ገጹን ፈርመውበታል፤ እርስዎም የራስዎን አውራጃ ስም ከላይ ወደ ታች አንብበው፣ ሊቀ መንበር ከሚለው ማኅተም አጠገብ ፊርማዎን አኑረዋል። ከዚያ አገር የመጣችው ጎብኚ ያችው ወይዘሮ የኔነሽ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ገና ከአውራጃው ሳትለቅ፣ በ፲፱፻፶፯ቱ ምርጫ ድምጿን ለእርስዎ ሰጥታለች። ፊደል ስለማታውቅ የመረጠችው ምልክትዎን አይታ ነው። ምልክትዎ እንስራ ነበር።

፬ኛ/ ስለ አየሩ። ለአካባቢው አየር ጥበቃ በተመደበው ገንዘብ ከአጥሩ በረጲ በኩል አንድ ረድፍ ጽጌረዳ ተተክሏል። የከተማው ቆሻሻ ከጀርባው እንደ ተራራ ቆሞ ሲጨስ ይውላል። ጽጌረዳው የቻለውን ያህል ታግሏል፤ ባለፈው መስከረም ደርቋል። ለአበቦቹ ሲባል ደሜ ጧት ጧት ከምንጯ ሃያ ባልዲ እንዲያጠጣ በመታዘዙ ሴቶቹ ተራቸውን የሚይዙት ከአበባ ኋላ ነው።

፭ኛ/ ስለ ጉብኝታችሁ። ባለፈው ግንቦት ኮሚቴው ሥራውን በዓይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥ ተወሰነ። ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ ሲመጡ የሚያዩት ሰሌዳውን ሳይሆን እንስራ ተሸክመን የተሰለፍነውን እኛን ነው ብለን ተማመንን። መሥሪያ ቤቱ ግን ሣሩ እንዳይረገጥ በማለት ከጉብኝቱ በፊት በሩን ለሦስት ቀን አስዘጋው። በእነዚያ ሦስት ቀናት አቅም ያለው ወደ ቦኖው ሄደ። ወይዘሮ የኔነሽ ሦስት ልጆቿን ትታ ግማሽ ቀን ተራ መጠበቅ ስላልቻለች ከቆሻሻው ሥር ከሚወርደው ወንዝ ቀዳች። በነጠላ አጠለለችው፣ ማገዶዋ እስኪያልቅ አፈላችው፣ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአራት ዓመት ልጇ ብርቅዬ በተስቦ ወደቀች፤ ሆስፒታል ተኝታ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ጠጉሯ ግን ሙልጭ ብሎ ወልቆ፣ አሁንም እናቷ ሻሽ ካላሰረችላት ከቤት አልወጣም ትላለች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዱ ሁሉ ይጠፋብኛል። እጠላችኋለሁ ብል ያስከስሰኛል እንጂ እውነት ነው።

በጉብኝቱ ቀን ሦስት መኪኖች መጥተው ከበሩ ፊት ቆሙ። ነፋሱ ክብራችሁን ስላላወቀ ከረጲ በኩል ነፈሰ። መስኮቶቹ ተዘግተው ነበር፤ እንደ ተዘጉም ቆዩ። የመሥሪያ ቤቱ ሹም ከውጭ ቆሞ በእጁ እያመለከተ ሲያስረዳ ከውስጥ ራሶች ሲነቃነቁ አየን። እኛን ፖሊስ ከመንገዱ ማዶ አርቆ አቁሞን ስለ ነበር የተባለውን አልሰማንም። በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ፤ ማንም ሳይወርድ መኪኖቹ ዞረው ሄዱ። ሪፖርቱ ግን «ኮሚቴው ከሥፍራው ድረስ ተገኝቶ በሚገባ ጎብኝቶታል» ይላል።

እዚህ ላይ ለመሥሪያ ቤቱ ብልሃት ባርኔጣዬን ሳላነሣ አላልፍም። ጎብኝቶታል የሚለውን ቃል ኋላ እንዴት አድርጎ እንደ ተጠቀመበት ልብ ብላችሁት ይሆን? በጎብኚዎች ድምር ላይ አሥራ አንድ ጨምሮበታል። ልትቆጣጠሩት የመጣችሁት እናንተ እንደ ጎብኚ ተቆጥራችሁ፣ የምትመረምሩትን ቁጥር በገዛ አካላችሁ አሳድጋችሁለት፣ ከዚያ ያንኑ ቁጥር መርምራችሁ ትክክል ነው ብላችሁ ፈረማችሁለት። እኔ ውሃ ለማግኘት ብዬ አንዲት ቃል አጣመምኩ፤ እናንተ በዚያችው ቃል ላይ ተሳፍራችሁ ወደ ምሳችሁ ተመለሳችሁ።

፮ኛ/ ስለ ውሳኔው። ይህ ሁሉ ጎብኚ የሚጎርፍበት ሥፍራ ባለበት ሊቀር አይገባም በማለት ኮሚቴዎ የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል። የምንጯ አፍ በሲሚንቶ ተደፍኖ ክብ የውሃ ገንዳ ከነፏፏቴው ይሠራል። ከታኅሣሥ ፩ ቀን ጀምሮ ፒያሳ ከሚገኘው ጽሕፈት ቤት የአንድ ብር ትኬት ያልቆረጠ አይገባም። በተጨማሪም «የጎብኚዎችን ጸጥታ እንዳያውኩ የአካባቢው ነዋሪዎች በማናቸውም ምክንያት ወደ መናፈሻው እንዳይገቡ» ይላል። በአጭሩ፣ አሥራ አራት ሺህ ጎብኚዎች እንዳይረበሹ ሲባል አሥራ አራት ሺህ ጎብኚዎች እንዲታገዱ ሐሳብ ቀርቧል። ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥበት ኅዳር ፳፭ ቀን ነው፤ ከዛሬ አሥራ አምስት ቀን በኋላ።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን ጨርሼአለሁ። አሁን ሳላሽሟጥጥ እናገራለሁ። ያንን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ውሸት አልጻፍኩም፤ ሁሉም በእውነት መጥተዋል፣ በእውነት ገብተዋል፣ በእውነት ምንጯን አይተዋል። ነገር ግን ቃሉ ሁለት መንገድ እንደሚሄድ እያወቅሁ፣ ለእኛ በሚያመቸው ሄድኩበት፤ ከእኔ የሚበልጡ ቃል ጠምዛዦች እንዳሉ ረሳሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ለሁለት ዓመት ውሃ ያጠጣን መዝገብ ምንጯን ለዘለዓለም ሊደፍንብን ነው። የኔነሽ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አፍሬአለሁ።

ቁጥሩን ላስተካክል ብዬ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም በትዕግሥት ሰምቶኝ፣ በኮሚቴ ተመርምሮ የጸደቀ ቁጥር ሐሰት ሊሆን እንደማይችል፣ ሐሰት ነው የምል ከሆነም ሐሰቱን የጻፍኩት እኔና ያጻፈው ደሜ እንደምንጠየቅ በቅንነት መከረኝ። ደሜ አምስት ልጆች አሉት፤ በምስክርነት ልጠራው አልደፈርኩም። ወደ ኮሚቴዎ ጽሕፈት ቤት ብሄድ ደግሞ በረኛው ያለ ቀጠሮ አይገባም አለኝ። ለቀጠሮ ስጠይቅ ማመልከቻ ጻፍ አለኝ። ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ብዬ ብነግረው፣ እንግዲያማ ምን እንደሚደረግበት ታውቃለህ ብሎ በሩን ዘጋው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እውነት የነገረኝ ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

ይህንኑ ደብዳቤ ለሁለት ጋዜጦች ብሰጥ አንዱ ለጊዜው ቦታ የለንም አለኝ፤ ሌላው አንብቦ መልሶልኝ፣ ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት ወደ መንገዱ ተመለከተ። ስለዚህ በካርቦን አባዝቼ ራሴ ለጥፌዋለሁ። ግልጽ ደብዳቤ ማለቴ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ለሁሉ ስለ ተገለጠ ነው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኅዳር ፳፭ በፊት ከሪፖርቱ ላይ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጎብኚ የሚለውን በአንድ መሥመር ሠርዘው፣ በምትኩ አርባ ቤት ብለው ይጻፉ። ይህ ከብዕርዎ ላይ ሁለት ጠብታ ቀለም አይፈጅም። አርባ ቤት ተብሎ ከተጻፈ ሲሚንቶ የሚያስደፍን ምክንያት አይኖርም፤ ለአርባ ቤት ፏፏቴ የሚሠራ የለምና። እኔን ግን በሐሰተኛ መዝገብ ጸሐፊነት ይክሰሱኝ። ፍርድ ቤት ቀርቤ የመጣችበት ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር አሥራ አራት ሺህ ጊዜ ምን ብዬ እንደ ጻፍኩ ለዳኛው ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

የነገሩን ክብደት ተረድተው ወንበርዎ ላይ ትንሽ እንኳ እንዲቆረቁርዎ እየተመኘሁ፣ ቸሩ እግዚአብሔር ክቡርነትዎ እኛን በጎበኙበት አጎበኛኘት፣ ያንኑ ያህል ደቂቃ ሰጥቶ፣ በዚያው ርቀት ላይ ሆኖ፣ መስኮቱን ሳይከፍት ይጎብኝዎ እያልኩ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ጌታሁን በዛብህ
ማመልከቻ ጸሐፊ
ስለ አርባ ቤትና ስለ ራሱ

ግልባጭ፦
ለአየር ጤና ፌርማታ ግድግዳ
ለቡርቃ መናፈሻ በር
ለወይዘሮ የኔነሽ፣ ሲነበብላት እንድትሰማው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ በአምስተኛው ተራ ማንም አልወረደም ያልኩት ስሕተት ሆኖ ስለ ተገኘ በታላቅ ይቅርታ አርማለሁ። ደብዳቤውን ዛሬ ጧት ለደሜ ሳነብለት፣ እኛ ከመንገዱ ማዶ ሆነን ያላየነውን እሱ ከበሩ ሆኖ እንዳየ ነገረኝ። ክቡርነትዎ በወዲያኛው በኩል ባለው የመኪና በር ብቻዎን ወርደው፣ አጥሩን አልፈው፣ ከምንጯ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ፊትዎን ወደ ግንዱ አዙረው ጥቂት ቆመው ተመልሰዋል። ደሜ ሥራውን አክባሪ በመሆኑ ያን ዕለት እርስዎን አንድ ጎብኚ ብሎ አስመዝግቦኝ ኖሯል፤ የመጡበትን ምክንያት ስጠይቀውም እየሳቀ ውሃ ነው ብሎኝ፣ እኔም ሳልጠረጥር እንደ ሌሎቹ «ውሃ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ከአሥራ አራት ሺህ ጎብኚ መካከል ውሃ ሳይቀዳ ውሃ ጨምሮ የሄደ እርስዎ ብቻ ነዎት። መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ በሩ ሲከፈት ቀድማ ገብታ የቀዳችው ወይዘሮ የኔነሽ ነበረች።